የቬርና ደጃፍ መንገድ

ኦሪን ሃግበርግ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ቦቴውን እህቱ ቬርና ደጃፍ ያቆምና፣ ኩሽናዋ ገብቶ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ቆሞ ይጠጣል። የውሃ ጉድጓዱን የቆፈረው አባታቸው ነው። ጥልቀቱ ስምንት ሜትር ብቻ ቢሆንም በዚህ የፔንሲልቫኒያ ጥግ እንደሱ የሚጣፍጥ ውሃ የለም ይባል ነበር። ኦሪን ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አምስቱን ዓመት የኖረው የአካባቢያችን ምክር ቤት የመንገድ ሠራተኛ ሆኖ ነው።

መንገዳችን አስፋልት አይደለም። በበጋ አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ አንድ ነው፦ ጫካው ውስጥ ያሉት አሮጌ የነዳጅ ጉድጓዶች ከድፍድፍ ነዳጁ ጋር የሚያወጡት ጨዋማ ውሃ። ጨው እርጥበት ስለሚይዝ አቧራው ይተኛል። ባለጉድጓዶቹ የሚደፉበት ስለሚያጡ በነፃ ይሰጣሉ፤ ኦሪን በቦቴ አምጥቶ ይረጫል። ሰዉ ስልክ እየደወለ «የኛ ተራ መቼ ነው?» ይለዋል። ሲመሻሽ አጋዘኖች ከጫካ ወጥተው መንገዱን ይልሳሉ።

ምክር ቤቱ የፈቀደው በበጋ ሁለት ጊዜ ነው። ቬርና ደጃፍ ግን ኦሪን አራት ጊዜ ይረጫል፤ እዚያ ሲደርስ መኪናውን ያዘገያል፣ መክፈቻውንም ሰፋ ያደርገዋል። ቬርና ሰባ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ እንደ ቆሸሸ አንሶላ የሚያናድዳት ነገር የለም። ትርፉ ውሃ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቦዩ የሚያልፈው ከውሃ ጉድጓዱ በላይ በኩል ነው። ቦዩን ያወጣው ራሱ ኦሪን ነው።

እዚህ በጋው በሚጠናበት በሐምሌ፣ ባለፈው ጊዜ አንድ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም።»

«ጨው ጨው ይላል፣ አይደል? እኔማ የእርጅና ምላስ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር።»

ኦሪን ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት እንደ ወትሮው እየመጣ ጠጣ። ቬርና ግን በጠርሙስ ቀድታ ወደ ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ መጣ፤ ጨውም፣ ባሪየም የሚባለው ማዕድንም ከሚገባው በላይ ነበሩ። እንዳትጠጪው ይላል።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችው። በዚያው ዓመት አንድ ኩባንያ ከኮረብታው ማዶ ጋዝ መቆፈር ጀምሮ ነበር።

«ማክሰኞ የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ተነስቼ እናገራለሁ። እነዚያን የጋዝ ሰዎች ልክ አስገባቸዋለሁ። አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

«እቴ፣ እነሱ አይደሉም።»

«ታዲያ ማነው? የጫካው ሰይጣን?»

«እነሱ ያሉት በዚያኛው ተዳፋት ነው። የዚያ ውሃ ወደዚህ አይወርድም።» ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እኔ ነኝ። ለሌላው ሁለቴ ስረጭ ላንቺ አራቴ። ቦዩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል።»

ቬርና ወረቀቱን አጣጠፈችው።

«አንተ ልጅ፣ መቼ ነው ያወቅከው?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«ሦስት ሳምንት ስጠጣው እያየህ?»

«እኔም ጠጥቻለሁ።»

«አንተ አንድ ብርጭቆ! እኔ ሾርባውም፣ ቡናውም፣ የሰው ሠራሽ ጥርሴ መዘፍዘፊያም በሱ ነው።» የተጣጠፈውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋችው። «እየደወልኩ የጨቀጨቅኩህም እኔው ነኝ። ነጭ አንሶላ አማረኝ። ያተረፉት አጋዘኖቹ ብቻ ናቸው።»

«ከተናገርኩ ያባርሩኛል። ለጡረታ የቀረኝ አንድ ዓመት ነው።»

«ካልተናገርክ ደግሞ እኔ ያለ ጥፋታቸው ሰዎች ልከስ ነው። ከኔ በታች ያለችው ሴትዮም ሦስት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ የሷም ጉድጓድ መንገድ ዳር ነው።»

ኦሪን ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ያን ቀን ውሃ አልጠጣም።

ማክሰኞ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሠላሳ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኦሪን ተነስቶ ስንት ጊዜ፣ የት የት፣ ምን ያህል እንደረጨ ተናገረ። የእህቱንም ስም ጠራ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ አቧራውን አሁን ማን ያጠፋልናል?» ሲል ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ቬርና ዞር ብላ «አንተ ትልሰዋለሃ!» አለችው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ።

ከሦስቱ የምክር ቤት አባላት ሁለቱ መንገድ ዳር ያሉት የውሃ ጉድጓዶች ሁሉ እስኪመረመሩ ድረስ መርጨቱ ይቁም ብለው ወሰኑ። ኦሪን አልተባረረም፤ ከቦቴው ወርዶ ቦይ ጠራጊ ሆነ።

ጠዋት ጠዋት አሁንም እህቱ ደጃፍ ይቆማል፤ ከመንገዱ ራቅ ካለው ከራሱ ቤት የቀዳውን ሁለት ጀሪካን ውሃ ያወርዳል። ለቬርና አዲስ የውሃ ጉድጓድ በጥቅምት ይቆፈርላታል፤ ከቦዩ በላይ፣ ስልሳ ሜትር ጥልቀት።