የማዳበሪያው ጓል መስበሪያ

ክረምቱ የትኛው እንደ ነበረ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከማስተማር በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ መጋዘን ኮሚቴ ውስጥ እሠራ ነበር። በጣሪያው የገባው እርጥበት ማዳበሪያውን በየጆንያው እንደ ድንጋይ አጠንክሮት ስለ ነበር፣ የዘር ጊዜው ሳያልፍ ለገበሬው እንዲደርስ ጓል መስበሪያ ማሽን መጣልን፦ ከላይ ሰፊ የብረት አፍ፣ ከውስጥ እርስ በርስ እየተጠላለፉ የሚዞሩ ሁለት ጥርሳም ዘንጎች። ሲሠራ ወለሉ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሚያሠራው ጎልማሳ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ማሽኑም ትልቅ ጓል እንደ ነከሰ ቆመ። ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን በዘንጎቹ መካከል ሰደደ።

«መጀመሪያ ማጥፊያውን ዝጋው እንጂ!» አልሁት።

«የሌለ መብራት ምኑ ይዘጋል፣ መምህር?»

«ሲመጣስ?»

«ሲመጣማ ሰፈሩ ይነግረኛል። ልጆቹ ‹መጣ!› ብለው ሲጮኹ እጄን አወጣለሁ።»

ጆንያ ተሸካሚው ባልደረባው ሳቀ፦ «ይተዉት መምህር፣ ከማሽኑ ጋር ተጫጭቷል፤ የቀረው ሠርጉ ነው።»

በዚያ መጋዘን የሰፈሩን ሆታ እንደ ማስጠንቀቂያ መቁጠር እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም እንዲሁ ያደርግ ነበር። እኔ ግን አላስቻለኝም። ማጥፊያው ወዳለበት ግድግዳ በጆንያዎቹ መካከል በከዘራዬ እየተደገፍሁ አዘገምሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቅደም ተከተል አላምነውም። የልጆቹ ሆታ ይሁን የዘንጎቹ ጉርምርምታ የቀደመው፣ ዛሬም ብጠየቅ አልምልም፤ ሁለቱም ባንድ ቅጽበት የሆኑ ይመስለኛል። ማጥፊያውን ስዘጋ ሰውየው አስቀድሞ ጮኾ ነበር።

ባልደረባው ዘንጎቹን ወደ ኋላ አዙሮ እጁን አላቀቀለት፤ ምን እንደ ሆነ ሳናይ ፈጥነን በጋቢ ጠቀለልነው። በኅብረት ሥራው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ወደ ሆስፒታል ስንወርድ እጁ ጭኔ ላይ ነበር፤ የጋቢው እርጥበትም ወደ ሱሪዬ ይሰርግ ጀመር።

«መምህር፣ ጣቶቼ አሉ?»

«ከፍ አድርገህ ያዘው» አልሁት።

ደግሞ ጠየቀኝ። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋ ነበርና፣ ያልሰማሁ መሰልሁ።