ከቢቸና የከፈትኩት በር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ለማላውቃችሁ ለእናንተ መናገሩ ለምን እንደቀለለኝ እንጃ፤ ፈሪ ስለሆንኩ ይሆናል።

የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ቢቸና እየኖርኩ ሞጣ ያለ አንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ሥራውን ሰጠኝ። ፋየርዎሉን፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣውን እየለየ የሚያስገባና የሚመልሰውን መሣሪያ፣ ያቆምኩት እኔ ነኝ። "ከዚህ ግቢ ውጭ ሆኖ የተማሪ ውጤት የሚነካ አይኖርም" ብዬ ደረቴን ነፍቼ ያስረከብኩትም እኔ ነኝ።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልለበሰም። ክረምት ሲገባ መኪናው ጭቃ እየያዘው ስንገፋ እንውላለን። ለትንሽ ብልሽት ሁሉ ሞጣ መሄድ ሰለቸኝና ቤቴ ተቀምጬ የምገባበትን መግቢያ በፋየርዎሉ ላይ ከፈትኩ። ለማንም አልነገርኩም። የይለፍ ቃሉን ለያዘ ሁሉ፣ ከየትም ቢመጣ፣ እስከ ውጤት መዝገቡ ድረስ ክፍት ነበር። ቃሉ ደግሞ የክርስትና ስሜ ነው። ከቤተሰቤና ከንስሐ አባቴ በቀር ማን ያውቀዋል አልኩ። ሌላውን "ጠንካራ ቃል ምረጡ" እያልኩ የምመክር ሰው!

በዚያው ዓመት የአንዳንድ ተማሪዎች ውጤት ተለውጦ ተገኘ። ውጤት ለማስተካከል የተፈቀደላቸው ሬጅስትራሯ እትዬ የሺ ብቻ ነበሩ። ጭቃ ለብሼ ስደርስ ሙቅ ውኃ አቅርበው "መጀመሪያ እግርህን ታጠብ፣ ሥራው የትም አይሄድም" የሚሉኝ ሴት ናቸው። ኮሚቴ ተሰየመ፤ እኔም ተጠራሁ። ሰብሳቢው አፋቸውን ሳይከፍቱ እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንተ ነህ እምታውቀው። ሰው ከውጭ ሆኖ ሊገባበት ይችላል እንዴ?"

"አይችልም" አልኩ።

ቆይ ላጣራ ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። አላልኩም። አይችልም አልኩ። እትዬ የሺ ከሥራ ተሰናበቱ። ጉቦ በልታ ነው ተብሎ ሞጣ ላይ ሲወራባቸው አገሩን ለቀው ደጀን፣ እህታቸው ዘንድ ገቡ።

ከስብሰባው በኋላ መሣሪያውን ስፈትሽ፣ በእኔ ቃል፣ እኔ ባልነበርኩበት ሰዓት ተገብቷል። የክርስትና ስሜን የሚያውቅ፣ ቤት ሆኜ ስገባም የሚያየኝ፣ እዚያው ኮሌጅ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ስጠይቀው አልካደም። "ለጓደኞቼ ብዬ ነው፣ ወንድም ጋሼ" ብሎ አለቀሰ። መግቢያውን ዘጋሁት፤ የገባበትንም ምልክት አጠፋሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔን እውነት ከእኔ በቀር ማን ሊያጠራው?

ለወንድሜ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ደልያለሁ። ሐሰት ነው። አይችልም ስል የወንድሜን ነገር ገና አላውቅም ነበር። የፈራሁት ለስሜ ነው፤ ባለሙያው በሩን ራሱ ከፍቶ ተወው እንዳልባል ነው። ወንድሜስ ልጅ ነበር። እኔ ምን ነበርኩ?

ከዓመታት በኋላ ደጀን ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ እትዬ የሺ መንገድ ዳር ሻይ ሲሸጡ አየኋቸው። ልሸሽ ስል በስሜ ጠሩኝ። አገላብጠው ሳሙኝና አጠገባቸው ለተቀመጠችው ጎረቤታቸው "ይኸ ልጅ ለእኔ ብሎ እንኳ አልዋሸም፤ እሚያውቀውን ነው የተናገረ" አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንጃ ልጄ፣ አንተ ካልክ ልክ ነው። ቢሮውን ሳልቆልፍ ወጥቼ፣ ሰው ገብቶበት ይሆናል። የእኔው ዝንጉነት ነው" አሉኝ።

ያኔም መናገር እችል ነበር። ሻዬን ጠጣሁ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ ተነሥቼ ሄድኩ። የሞጣውን ደንግጬ ነው ብዬ ልከራከር እችል ይሆናል፤ የደጀኑን ምን እለዋለሁ?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእትዬ የሺ ነው። እርሳቸው ደግሞ ይቅር የሚሉኝ ነገር እንዳለ አያውቁም፤ እስከ ዛሬ የሚወቅሱት ራሳቸውን ነው።