ወደ ቀኝ የሚፈታው ዳዶ

ሚስቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ ለአንተ ለአንባቢው እነግርሃለሁ። የደፈርኩትም ስለማታውቀኝ ነው።

ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ፣ አሰላ ውስጥ ሁሴን ከሚባል ሰው ጋር በአንድ ጋራዥ እሠራ ነበር። እኔ ከናዝሬት የመጣሁ ነኝ፤ እሱ የአገሩ ልጅ። ስመጣ ማደሪያ አልነበረኝምና ቤቱ ወሰደኝ። ተስቦ ሲይዘኝ እናቱ ወተት እያጠጡ አስታመሙኝ። ታዲያ ለምን ጠላሁት? ደንበኛው ሁሉ እኔን አልፎ «ሁሴን የለም?» ስለሚል። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር በአማርኛ ሲጫወት፣ እኔ ጥግ ይዤ ጎማ እየለጠፍኩ እሰማ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ የለኝም።

አንድ ቀን ከብት የሚከትብ ሠራተኛ ከሲሬ መንገድ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ ተበልቷል። እሱን ለማውጣት የያዘው ዳዶ መጀመሪያ መፈታት አለበት፤ ዳዶው ግን ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ሁሴን ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት፤ መፍቻውን አስገባና እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ሳበው።

እኔ አውቅ ነበር። ናዝሬት ሳለሁ እንዲህ ያለ ሞተር ፈትቻለሁ። ያ ዳዶ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ በሳቡት ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ።

ምነው ዝም ብዬ ብቻ በቀረሁ! «ሁሴን፣ ጉልበትህ የት ሄደ? ወሬ ብቻ ነህ እንዴ?» አልኩት፣ ሰው እየሰማ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሳቀ። ሁሴን መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። የአንገቱ ሥር ተገተረ። «አብሽር፣ ይወጣል» አለው ባለ ሞተሩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድሜ፣ አንተ ምን ይመስልሃል?»

ጠየቀኝ እኮ! ለምኖ ጠየቀኝ! እኔስ ምን አደረግኩ? የብረት መሮና መዶሻ አቀበልኩት። «ወደ ግራ አድርገህ ምታው፤ ሳትራራ ምታው» አልኩት።

መታው። ደጋግሞ መታው። ከመሮው ጫፍ ስንጣሪ ተፈናጠረ። ሁሴን መዶሻውን ጥሎ ዓይኑን ያዘ፤ በጣቶቹ መሃል ደም ወረደ። ደግፌ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔው ነኝ። መንገዱን ሙሉ «አላህ ይስጥህ» እያለ ይመርቀኝ ነበር። ዓይኑ ፈሰሰ።

የባሰውን ልንገርህ? በማግስቱ ያንኑ ዳዶ፣ በየት በኩል እንዳዞርኩት ሰው እንዳያይ በጀርባዬ ጋርጄ፣ ወደ ቀኝ ፈታሁት። «ጭንቅላት እንጂ ጉልበት ምን ያደርጋል!» ብዬ ቀለድኩ። ሳቁልኝ። ሁሴን ሐኪም ቤት ተኝቶ እኔ አስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የሚጠይቀው እኔን ሆነ። ሁሴንን አንድ ዓይና መካኒክ ብለው ሸሹት፤ ሥራውን ትቶ ኢተያ ገባና እህል ገበያ ስንዴ ይሰፍር ጀመር።

ጃንሆይ በወረዱበት ሰሞን እዚያው ኢተያ ተገናኘን። አቅፎ ሳመኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ያን ዳዶ ግን በምን ፈታኸው? እስከ ዛሬ እያሰብኩት እንቅልፍ ይነሳኛል» አለኝ።

እውነቱ አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

«አንተ አላልተኸው ነበር፤ እኔ ነካ ሳደርገው ወጣ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! ዓይኔ በከንቱ አልሄደማ!» አለ።

አዝኜለት ይመስልሃል? አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እስኪሞት ድረስ ይህን ለሰው እያወራ ይኮራ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እያመሰገነኝ ሞተ። ስለዚህ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በጠፋው ዓይኑ እንዲኮራ ያደረግኩትም እኔው ነኝ።