ሻምበል ያቋረጠው ንግግር

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ ሻምበል ይለዋል። ወታደር ሆኖ ግን አያውቅም። ሙያው ቁልፍ ቀረጻ ነው፤ የጦር ሰፈር የረገጠውም አንዴ ብቻ፣ ያውም የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰብሮባቸው ጠርተውት ነው። ነገር ግን ሽጉጥ ይታጠቃል፣ ስለ ሽጉጥ ያወራል፣ ስለ ሽጉጥ ሕግ ከመጣ ከሄደው ጋር ይከራከራል። እንዲህ ያለውን ሰው በደፈናው አቶ ብሎ መጥራት ቢቀልባቸው ጎረቤቶቹ ማዕረጉን ራሳቸው ሰጡት፤ እሱም ሳይግደረደር ተቀበለ።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚከራከረው። ግድግዳው ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች በየመልካቸው ተንጠልጥለዋል፤ ጠረጴዛው ላይ መቅረጫው ማሽን፣ የዘይት ጠርሙስ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና መቼም ተጠርጎ የማያልቅ የብረት ብናኝ አለ። ሻምበል ቁልፍንና ሽጉጥን የሚወደው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ሞላ አለ። «ሞላ አይዋሽም» ይላል። «ስትጫነው ይገባል፣ ስትለቀው ይመለሳል። እስቲ እንዲህ ያለ ፖለቲከኛ አሳየኝ!»

ስለ ፖለቲከኞች ሲያወራ ደግሞ መስማት ነው። «ሥልጣን ላይ ያሉት የያዙትን አይለቁም፣ ተቃዋሚዎቹ የለቀቁትን አይረሱም» ይላል። «የሁለቱንም ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ቁልፍ የምቀርጸው እኔ ነኝ። በሩ አንድ ዓይነት፣ ቁልፉ አንድ ዓይነት። ቢሮ ቢቀያየሩ ቁልፍ መቀየር እንኳ አያስፈልጋቸውም።» መሣሪያ ለሁሉም ይፈቀድ የሚሉትን «የጥይት ነጋዴዎች» ይላቸዋል። ለማንም አይፈቀድ የምንለውን ደግሞ «በር ሳይኖራቸው ቁልፍ የሚያስቀርጹ» ይለናል። የእሱ አቋም መሀል ላይ ነው፤ መንጃ ፈቃድ በፈተና እንደሚሰጥ ሁሉ ሽጉጥም በፈተና ይሰጥ፣ ያለፈ ይታጠቅ፣ የወደቀ እጁን ኪሱ ከቶ ይሂድ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ሻምበል «ጠመኔ» ይለኛል። አቋሜ አጭር ነው፤ ሽጉጥ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? በዚህ ጉዳይ ከእሱ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት እሑድ የለም። እህቴ መሀላችን ተቀምጣ «ሁለታችሁንም መተኮስ ነበር» ትላለች። እሷ ስትናገር ጎረቤት መስኮት ይከፍታል፤ ድምጿ እንደዚያ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሻምበል የታጠቀው ለጌጥ አይደለም። አንድ ምሽት «በር ተዘግቶብን ነው» ብለው ጠርተውት ሲሄድ፣ ቢላዋ አንገቱ ላይ አድርገው የጎረቤታችንን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አስከፈቱት። ሌቦቹ የወሰዱትን ወስደው ሄዱ። ባለሱቁ አንድም ቀን አልወቀሰውም፤ እሱ ግን «በገዛ እጄ የሰው በር ከፈትኩ» እያለ ለወራት እንቅልፍ አጣ። ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጡን የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ከታጠቀ ወዲህ ማታም ቢጠሩት ይሄዳል።

ደንቡም ጥብቅ ነው። ምግብ የቀረበበት ጠረጴዛ ላይ ሽጉጥ አያስቀምጥም። «የሰከረ፣ የተናደደና ያፈቀረ ሰው መታጠቅ የለበትም» ይላል፤ እህቴም «አንተማ ከሦስተኛው ነፃ ነህ» ትለዋለች። የቤተሰቡን ልጆች ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ አንድ ነገር እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃል አስጠንቶናል። የተጣለ መሣሪያ ካየህ አትንካው፣ በሩ ላይ ቁም፣ ማንንም አታስገባ፣ ባለቤቱን ጥራ።

ባለፈው ዓመት አዲስ ረቂቅ ሕግ መጣ። ፈቃድ ያለውም ቢሆን በከተማ ውስጥ ታጥቆ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክል ነው። የወረዳችን ተወካይ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ሕዝቡን ለመስማት አዳራሽ ጠራን። ተወካያችን መጨረሻ ላይ ካናገረው ሰው ጋር የሚስማማ ሰው ስለሆነ ሁላችንም መጨረሻ ላይ መናገር ፈለግን። ዕጣ ወጣ፤ ሻምበል የታጣቂዎቹ ተናጋሪ ሆኖ ቀደመ፣ እኔ ከሱ ቀጥሎ የመዝጊያው ተናጋሪ ሆንኩ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

የስብሰባው ቀን እህቴ ሱፉን ተኩሳ አለበሰችው። በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ፈቃዱን አይተው ከነሽጉጡ አስገቡት፤ አሮጌው ሕግ ገና በሥራ ላይ ነበርና። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል፣ ልጆች በኮሪደሩ ይሯሯጣሉ። ሻምበል ማይክሮፎኑን ከሩቅ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጥይት የማይፈራው ሰውዬ አንዲት ቁራጭ ብረት ፈራ! ወደ ሽንት ቤት በሩጫ ሄደ፤ ስሙ ሲጠራም ቀበቶውን እያጠበቀ በሩጫ ተመለሰ።

እሱ መድረክ ሲወጣ እኔም ከተራዬ በፊት ልተንፍስ ብዬ ወደዚያው ሽንት ቤት ገባሁ። ሽጉጡ ከነማህደሩ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል።

ቀበቶውን ሲፈታ አውልቆ አስቀምጦት፣ ስሙን ሲሰማ ትቶት ሮጧል። እንዲህ ያለ ስህተት ታጣቂ ካልሆነ ማን ይሠራል? እኔ ብረሳ ጃንጥላ ነው የምረሳው። እጄን ልሰድ አልኩና የተማርኩት ትዝ አለኝ፤ አትንካው፣ በሩ ላይ ቁም። ወጥቼ በሩን ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። ባለቤቱን መጥራት ግን አልቻልኩም። ባለቤቱ ማይክሮፎን ጨብጧል፣ ስልኩም ዝግ ነው።

ኮሪደሩ ውስጥ የድምፅ ማጉያ አለ። «ጥሩ ታጣቂ» ይላል የሻምበል ድምፅ፣ «ከመሣሪያው ለአፍታ አይለይም!» ጭብጨባ። እኔ ደግሞ መሣሪያውን እየጠበቅሁለት ነው! ከት ብዬ ልስቅም፣ ላለቅስም ቃጣኝ። አሮጌው ሕግ ግልጽ ነው፤ ሽጉጡን ሕዝብ የሚገለገልበት ቦታ ጥሎ የተገኘ ፈቃዱ ለዓመት ይታገዳል፣ ሽጉጡም ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። አዳራሹ ገብቼ «ኑና እዩ» ብል ክርክሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ሰይጣን አልጎተጎተኝም ብዬ አልምልም። ግን ያ ቢላዋ፣ ያ የሱቅ በር፣ ያ እንቅልፍ ያጣባቸው ወራት ፊቴ ድቅን አሉ። አልሄድኩም። ተራዬ ቢያልፍም ይለፍ አልኩ።

መጀመሪያ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ መጣ።

«ቧንቧ ፈንድቷል» አልኩት። እያነከሰ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ቀጥለው ሁለት ልጆች መጡ፤ እነሱን በመምህር ድምፅ መለስኳቸው። በመጨረሻ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ መጣች። እሷን ማታለል ከባድ ነው።

«ቧንቧው ከፈነዳ ውኃው የታለ?» አለችኝ፣ ደረቁን ወለል እያየች።

«ገና አልደረሰም።»

«ምን? ከየት ነው የሚመጣው? ከባሕር?» ባልዲዋን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ዘወር ይበሉ እባክዎ፣ መምህር። ሽንት ቤቴን እኔ አውቀዋለሁ።»

ሁለት እጄን ዘርግቼ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ድምፅ ማጉያው ውስጥ የሻምበል ንግግር ተቋረጠ።

«ጥሩ ታጣቂ ሽጉጡን ሳይነካ የት እንዳለ ያውቃል» ብሎ ነበር። ይህን ሲል እጁ ወደ ወገቡ ሳይሄድ አይቀርም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። እኔ በልቤ «ውኃ ልጠጣ በልና ውጣ! እኔ እዚህ አለሁ፣ ማንም አያውቅም!» እላለሁ። ግን እኔ እዛ እንዳለሁ እሱ በምን ይወቅ?

«ወገኖቼ» አለ። «ሽጉጤ ወገቤ ላይ የለም። ሽንት ቤት ረስቼዋለሁ። ጥይት አለው። ሮጬ ልሄድ ነበር፤ ግን ይሄ ማጉያ ከእግሬ ይፈጥናል። ልጆቻችሁን ያዙልኝ፣ ማንም ወደዚያ እንዳይሄድ!»

ሴትየዋ እኔንም በሩንም አየች። «ቧንቧው ይሄ ነዋ!» አለችና ባልዲዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

ሻምበል ሱፉ እየተውለበለበ ሲሮጥ ደረሰ፤ አንዲት የፖሊስ ኢንስፔክተር ትከተለዋለች። እጄን ዘርግቼ ሲያየኝ ባለበት ቆመ።

«ነክተኸዋል?»

«አልነካሁም።»

«ልጅ ገብቷል?»

«ከአንተ በኋላ ከኔ በቀር ማንም አልገባም።»

«ጠመኔ» አለኝ። አቀፈኝ፤ ልቡ ሲመታ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ከዚያ ገባና የጥይት ካዝናውን አወጣ፣ የቀረች ጥይት አለመኖሯን ሁለቴ አየ፣ ባዶውን ሽጉጥ ለኢንስፔክተሯ አስረከበ።

«ፈቃድዎንም፣ ሻምበል። አዝናለሁ» አለችው። ሳያንገራግር ሰጣት።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ፣ ካልቀለድኩ የምፈነዳ መሰለኝና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አልኩት። መጀመሪያ አፈጠጠብኝ፤ ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ ሁለታችንም ግድግዳ ይዘን ሳቅን።

ስንገባ ከኋላ ወንበር አንዱ «ታዲያ ይከልከላ!» ብሎ ጮኸ።

ሻምበል ማይክሮፎኑን ሳይፈራ ያዘው። «ሽጉጥ አይከልከል። እኔ ግን ልከልከል! ረቂቁ ላይ ጻፉልኝ፤ የረሳ ይነጠቅ፣ እንደገና ይፈተን። እነሆ እኔ ጀምሬላችኋለሁ።» አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እህቴ ከፊት ወንበር ተነሥታ ነበር የምታጨበጭበው።

ተራዬ ደረሰ። ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። «እኔ አሁንም ይከልከል ነው የምለው» አልኩ። «ዛሬ ያየነው ጥንቁቁን ነው። ጥንቁቁ እንዲህ ከረሳ ግድየለሹን አስቡት። ግን ጥፋቱን በዚህ ማይክሮፎን የሚናገር ሰው ታጥቆ አጠገቤ ቢቀመጥ አልፈራውም። ችግሩ፣ እንዲህ ዓይነቱን ሰው በምን ፈተና እንደምንለየው አላውቅም።» ተወካያችን ለሁለታችንም ራሱን ነቀነቀ፤ ሕጉም እስከ ዛሬ አልጸደቀም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። ሦስታችን በእግር ወደ ቤት አዘገምን። መንገዱን ሙሉ ሰው ሻምበልን እያስቆመ ይጨብጠዋል፣ አንዳንዱም «ሽንት ቤት ደርሰህ ና እንጂ!» እያለ ይሥቅበታል። እሱም አብሮ ይሥቃል። በየመሀሉ ግን እጁ ወደ ቀኝ ወገቡ እየሄደ ባዶ ይመለሳል።

ሰው ሲያንስ ቀስ ብሎ «ቀን ቀን ምንም አይደል» አለ። «ማታ በር ክፈትልን ብለው ሲጠሩኝ ነው እንጂ።»

እህቴ መሣቋን አቆመች። ሽጉጡን ከገዛ ጀምሮ በግራው በኩል ነበር የምትሄደው፤ ቀኙ የሽጉጡ ቦታ ነበርና። በፊቱ ዞራ ወደ ቀኙ አለፈችና ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባች።

«ማታ ሲጠሩህ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው።

«አንቺ? ሄደሽ ምን ልታደርጊ?»

«እጮኻለሁ።»

ያንን ድምፅ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሻምበል ነው። ክንዷን ወደ ጎኑ ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣ «ለሱማ ፈቃድ ማውጣት አለብሽ» አላት።