የጤና አዳሙ ትል

መርሳ ከተማ የተከራየሁት ክፍል በሩ በጓሮው መደብ በኩል ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው፤ በመደቡ ላይ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም እያበቀሉ ገበያ ያወጣሉ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ የምትኖረው ሸክላ ሠሪ ቧንቧ ስለሌላት ውሃ የምትቀዳው ከእኛ ግቢ ነበር።

አንድ ጠዋት ጤና አዳሙ ቅጠሉ ተበልቶ ጭራሮ ሆኖ ተገኘ። ሸክላ ሠሪዋ በዋዜማው ጀሪካኗን እየሞላች «ጤና አዳምዎ እንዴት ያምራል!» ብላ ነበር፤ ማሻአላህ ግን አላለችም። በሰፈራችን የሰው ነገር አድንቆ ይህን ሳይሉ መሄድ ዓይን ጥሎ እንደ መሄድ ነው። የሸክላ ሠሪ ዓይን ደግሞ ድሮም ይፈራል።

ያን ዕለት ውሃ ቀድታ ስትነሳ አከራዬ ጀሪካኗን በእግራቸው ገፍተው ደፉባት።

«እትዬ፣ በልቤ ብያለሁ እኮ!»

«በልብሽ ያለውንማ አየነው። ውጪ!»

እኔ መምህር ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። አከራዬን ወደ መደቡ ወሰድኳቸውና ትሉን አሳየኋቸው። ትሉ የቢራቢሮ ልጅ ነው፤ ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ስለሚመስል ሰው ልብ አይለውም። በስንጥር ስነካው ከራሱ ላይ የሚሸት ብርቱካናማ ቀንድ አወጣ። አከራዬ ወደ ኋላ አሉ።

«ቀንድም አለው! አላልኩህም?»

ሥራ ያሳምናቸዋል ብዬ በየማለዳው ትሉን እየለቀምኩ ለዶሮዎቹ ሰጠሁ፤ ከቅጠሉ ላይ እንቁላሉንም ጠረግሁ። ጤና አዳሙ አቆጠቆጠ።

«አየህ መምህር?» አሉኝ፤ «እግሯ ሲቀር ዳነ። አልሀምዱሊላህ።»

ስለዚህ ሙከራ አዘጋጀሁ። አንዱን ቁጥቋጦ ሳልለቅም ተውኩት፤ ሴትየዋ ግቢ ሳትገባ ትል ከበላው ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ይታያል። እንዳልኩትም ተበላ። ደስ ብሎኝ አከራዬን ጠራኋቸው። ቁጥቋጦውን አዩ፤ ቀጥለው በአጥሩ ቀዳዳ መንገዱን አዩ።

«ያ ረቢ! ዓይኗን በአጥር አሳልፋ ነዋ!»

በዚያው ሳምንት አጥሩ በቆርቆሮ ተደፈነ። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ፣ ከእኛ ከተባረረች ወዲህ ውሃ ትቀዳበት የነበረው ግቢም በሩን ዘጋባት። ግቢ ገብቶ ከሚያይ ዓይን አጥር የሚያልፈው ይብሳል አሉ።

ከሩቁ ቦኖ ጀሪካን አዝላ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ስትመጣ አስፋልቱ ላይ አገኘኋት።

«እህቴ፣ እኔ እኮ ለማስረዳት ብዬ ነው…»

«ተው መምህር። ድሮ ግቢ ገብቼ ነበር የምበላው፤ አንተ ካስረዳህላቸው ወዲህ ከመንገድ ሆኜም እበላለሁ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሁለተኛ አታስረዳልኝ።»

ጀሪካኑን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ፈጥና ሸሸችኝ።

«ሰው እያየ? ነገ ራስህን ቢያምህ ማን በላው ሊባል ነው?»