አንድ ለእናቱ የነበረው ንድፍ

የውድድር መኪና እግር ዕቃዎችን፣ ማለትም ጎማ ተሸካሚ ብረቶቹን፣ ዋና ንድፍ እሰበስባለሁ፤ እኔው ግን ከመካኒሳ ጀሞ የምሄደው በታክሲ ተጋፍቼ ነው። ትናንት የገዛሁትን ስዘረጋ የግራሶ ሽታው ሃያ ዓመቴ ላይ ጣለኝ።

ጋሽ መንገሻ ጋራዥ ንድፍ አንሺ ነበርኩ። ለእሁዱ ውድድር፣ ጎማ የሚይዘውን ብራቾ እንደ አዲስ ሊያሠሩ ያላቸውን ብቸኛ ንድፍ፣ የደበዘዘ መስመሩን አድምቅልኝ ብለው ሰጡኝ። እኔ ብልጡ፣ ዳር ዳሩን የተሞነጫጨረውን የእርሳስ ጽሑፍ በላጲስ ጠርጌ፣ መስመሩን በቀለም አሳምሬ መለስኩላቸው።

«እጅህስ ያምራል» አሉ። «ብራቾው በተሰበረ ቁጥር የጻፍኩት ልክ ግን የታለ?»

«ቆሻሻ መስሎኝ፣ ጋሼ...»

«ቆሻሻማ ነው፤ በውድድር ላይ ሦስት ጊዜ ከነመኪናዬ ተገልብጬ ያገኘሁት ቆሻሻ!»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው የጠፋውን ቁጥር ሲፈልጉ፣ እኔ ጀግናው ላጲሱን ኪሴ ከተትኩ።

ዛሬ በንድፎቼ ዳር የማላውቃቸው ሰዎች የጫሩትን አነባለሁ። ባለቤቴ ጨርቅ ይዛ ከተጠጋች እጮኻለሁ።