የኑሩ ሎሚ ምን ሆነ?

ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበት ዒዳዬ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያ መንገዴ ወደ መካ ሆነ። ሟቹ ባለቤቴ ኑሩ እዚያ ሩሰይፋ ሰፈር የአንድ ሕንፃ ሐሪስ፣ ዘበኛ፣ ነበር። እኔ ጅዳ ልብስ እየሰፋሁ፣ እሱ እዚያ በር እየጠበቀ ኖርን። በበርሜል የተከለው ሎሚ በሩ ላይ ቀርቷል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እየረገፈ መሆኑን፣ ባለ ሕንፃውም «ካላገገመ ይነቀል» ማለቱን ጎረቤቱ ዘይነባ ደውላ ነገረችኝ።

ጅዳ፣ ፔትሮሚን ሰፈር፣ ጠዋት

መጀመሪያ ስልክ ወደሚጠግነው ሰይድ ጎራ አልኩ። እንደ ሹካ ጥርስ ያለው፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ የአፈር እርጥበት መለኪያ አወጣልኝ።

«አፈሩ ውስጥ ሰክተው ከሕንፃው ዋይፋይ ጋር ያገናኙት። ቁጥሩ ከሠላሳ በታች ሲወርድ ጠምቶታል ማለት ነው። ጅዳ ተቀምጠው ያዩታል።»

«ሩቅ ያለ ሰው ሆድ ውስጥ ያለውንስ ያሳያል?»

«እሱን ቢያሳይ መች እሸጠው ነበር፣ እትዬ ከድጃ!»

የጋራ ታክሲው ሃያ ሪያል አስከፈለኝ። ነጩን የተጓዥ ልብስ ኢሕራም የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት ሆነው «ለበይክ» እያሉ ተልቢያ ያሰማሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሳምቡሳ አካፈለችኝ። በመስኮቱ ጥቁሩን ራቁት ተራራ እያየሁ ቀስ ብዬ በላሁ።

ሩሰይፋ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ

የበርሜሉ አፈር ላዩ አመድ መስሏል። ውሃ ላመጣ ስነሳ መለኪያው ትዝ አለኝና ሰክቼ ከሕንፃው ዋይፋይ ጋር አገናኘሁት። ስልኬ ከመቶ ዘጠና አንድ አሳየ!

«ይሄ ዕቃ ይዋሻል» አለች ዘይነባ። «በቀን አንድ ጣሳ ብቻ ነው የማጠጣው፣ ወላሂ!»

ይህን ስትል የሁለተኛ ፎቋ ሐሊማ ጆግ ይዛ ወረደች። ስታየን በዓባያዋ ሸፈነችው።

«ምን ደበቅሽ?» አለቻት ዘይነባ።

«ለኑሩ ሰደቃ ብዬ... ከንጋቱ ፈጅር በኋላና ከአስር ሶላት በፊት አጠጣዋለሁ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ሰደቃ በሚስጥር ነው እንጂ በማይክ ልለፍፍልሽ ነው?»

ቀጥሎ የሦስተኛ ፎቆቹም አመኑ። ሕንፃው በሙሉ ተደባብቆ ሎሚውን በውሃ ያሰጥመው ኖሯል። ኑሩ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ። ከዚያም የተደፈነውን የበርሜሉን የታች ቀዳዳ በብረት ከፈትነው፤ የሚሸት ጥቁር ውሃ ወረደ።

«ሰደቃችንን ታዲያ የት እናፍስሰው?» አለች ሐሊማ፣ አኩርፋ።

«በሩ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ እናስቀምጥ። መንገደኛ ይጠጣ፤ ለኑሩም ይደርሰዋል» አልኩ።

«ኸላስ፣ በቃ! ከድጃ ሳትደውል ሎሚውን የነካች ሒሳቧ ከእኔ ጋር ነው» አለች ዘይነባ።

ጅዳ፣ ቤቴ

ከተመለስኩ ወዲህ የስፌት መኪናዬ ላይ ከመቀመጤ በፊት ስልኬን አያለሁ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። ዘይነባ ከቅርንጫፉ ጫፍ የወጣች ጥፍር የምታህል ለምለም ቅጠል ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ባለ ሕንፃውም አይቶ «ይቆይ» ብሏል። ለሞተ ሰው መስጠትም ልክ እንዳለው ከዚህ መንገድ ተማርኩ።

ዛሬ ሃያ ዘጠኝ አየሁና ደወልኩ።

«ዘይነባ፣ ኑሩ ጠምቶታል» አልኩ። ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

«ስንት ላጠጣው?»

«አንድ ጣሳ።»

ስልኩን አልዘጋሁም። ውሃው አፈሩ ላይ ሲወርድ እስክሰማ ጠበቅሁ።